ከእትዬ ወንበር ኋላ ያለው ባትሪ

የባሌን ሱሪ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ያየ ሰው ቤታችንን አይጥ የወረረው ይመስለዋል። ከጉልበቱ በላይ በሙሉ ወንፊት ነው። የባትሪ አሲድ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ሲረጭብህ አታየውም፣ ቀኑን ሙሉ አብሮህ ሲውልም አታየውም፣ ሱሪው ታጥቦ ሲደርቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ስጥፍለት ኖሬያለሁ። «ሽርጥህን ልበስ እንጂ» ስለው «ቆይ» ይለኛል። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመቱ!

«ቆይ» ደግሞ መጠሪያው ሆኗል። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራው በዚሁ ነው። ስሙን ያወጡለት በክፋት አይደለም፤ እውነታቸውን ነው። አንድ ሰው ሥራ ረፍዶበት፣ ሞተሩ እምቢ ብሎት፣ ላቡ ግንባሩ ላይ እየወረደ ገብቶ «ኧረ ባትሪ ስጠኝ!» ሲል ባሌ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ «ቆይ፤ መኪናህን የት ነው የምታሳድረው?» ይለዋል። «በሳምንት ስንት ቀን ትነዳዋለህ? ሩቅ ነው ቅርብ? ሞተሩ ጠፍቶ ሬዲዮ ትሰማለህ? ካንተ ሌላ የሚነዳው ሰው አለ?» አንዱ ደንበኛ ትዕግሥቱ አልቆ «ሰውዬ፣ ባትሪ ልገዛ ነው የመጣሁት እንጂ ልጅህን ልጠይቅ አይደለም!» ብሎ ጮኸበት። እኔ ከባንኮኒው ኋላ በሳቅ ልፈነዳ ደረስኩ። ባሌ ግን ቅንድቡም አልተነቃነቀ። «ልጅ የለኝም» አለው፣ «ሬዲዮ ትሰማለህ ወይስ አትሰማም?»

ሰውየውም ቁጭ ብሎ መለሰ፤ የሚሆነውን ባትሪ ይዞ ሄደ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ተመልሶ አልመጣም። የኛ ንግድ እንዲህ ነው፤ ሥራህን በደንብ ከሠራህ ደንበኛህ ይናፍቅሃል።

ሱቃችን አንድ ሰፊ ክፍል ነው። በግራ በኩል ግድግዳውን ይዞ የሄደ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ እሱ ላይ ቻርጅ የሚደረጉት ባትሪዎች ቀይና ጥቁር ገመዳቸውን ነክሰው ይደረደራሉ። በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ምልክት በጠመኔ ይጻፋል፦ «መነጽር ያለው»፣ «ዳቦ ጋጋሪው»፣ «የሚያኮርፈው»። ጻፊዋ እኔ ነኝ። በስተጀርባ ሁለት መኪና የምታስገባ ግቢ አለችን፤ ከግቢው አጥር ማዶ ብረት በያጁ አለ። እኔ ባንኮኒው ጋ ሆኜ እሸጣለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ከሚጨቃጨቅ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ለጭቅጭቅ ባሌ አይሆንም። እሱ የሚያውቀው ባትሪ ማንሳት ነው። ሁለት እጁን ከሥር ሰዶ ብድግ ያደርገውና ዐይኑን ጨፍኖ ይመዝነዋል። «ባትሪ ማለት እርሳስ ነው፣ እርሳስ ደግሞ ይከብዳል፤ የቀለለህ ባትሪ አታሎሃል» ይላል። ይቺ ሃይማኖቱ ነበረች ማለት ይቻላል። በኋላ ጉድ የሠራችውም ይቺው ናት።

ነገሩ የመጣው በወንድም ጋሼ ነው፤ በታላቅ ወንድሜ። ወንድም ጋሼ ሠላሳ ሦስት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣ ሰው ወይ አትክልት ይተክላል ወይ ጋዜጣ ያነባል። የኛው ጉድ የስፖርት መኪና ገዛ! ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር የቀረው፣ ዕድሜዋ ከኔ ትዳር የማያንስ ሰማያዊ መኪና። እሷ ውስጥ ለመግባት መቀመጥ አይበቃም፤ መውደቅ ነው። «በዚህ ዕድሜህ ምን ነካህ?» ብዬ ስጮህበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሠላሳ ሦስት ዓመት ስልሳ ሰው ከኋላዬ ሆኖ 'ወራጅ አለ!' ሲለኝ ኖሯል። አሁን የምጭነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ከጎኔ ነው የምትቀመጠው።» አንጀቴን በላው፤ ዝም አልኩ። እኔ ዝም የምልበት ቀን ብዙ አይደለም።

ያቺ ከጎኑ የምትቀመጠው ሚስቱ ናት፣ እትዬ። አዋላጅ ነች፤ አሁንም ሥራ ላይ ናት። በሰፈሩ ከሚሯሯጠው ልጅ ግማሹን የተቀበለችው በእጇ ነው። ቃሏ አንድ ነው፤ «ግፊ!» ስትል የማይገፋ የለም። እንግዲህ መኪናዋ ይቺን ሴትዮ ይዛ ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ቆመች። ሦስተኛው የባሰ ነበር፤ አደባባይ መሃል፣ ጠዋት፣ ሰው በሙሉ ወደ ሥራ በሚተምበት ሰዓት። እትዬ ነጭ የሥራ ልብሷን ለብሳ ውስጥ ተቀምጣ፣ ወንድም ጋሼ ከኋላ እየገፋ፣ የታክሲ ሹፌሮች እያፏጩ። ከዚያ በኋላ ፈረደች፦ «ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ትቁም፤ በማግስቱ ገዢ አመጣለሁ!» ታመጣለች። እትዬ ለማስፈራራት ብላ የተናገረችው ነገር የለም።

ወንድም ጋሼ በዚያው ሳምንት ሱቃችን ገባ። ፊቱ ጠቁሯል። «አማቼ፣ አድነኝ» አለው ባሌን። «ይቺ መኪና ከተሸጠች እኔ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ነው የምቆጥረው።»

«ቆይ፤ የት ነው የምታሳድራት?» አለ ባሌ።

ወንድም ጋሼ ግን መልስ ለመስጠት ሳይሆን ለመናገር ነበር የመጣው። ለካ እሁድ እሁድ የስፖርት መኪና ያላቸው ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ። እዚያ ልጁ የሚሆኑ ጎረምሶች ከበው መክረውታል። የስፖርት መኪና ማለት ክብደት መቀነስ ነው ብለውታል፤ ወንበሩን ያቀላሉ፣ ቸርኬውን ያቀላሉ፣ ባትሪውንም ያቀላሉ። «እሽቅድምድም ላይ የሚያስሩትን አዲሱን ዓይነት አዝዣለሁ፤ በስምህ ይመጣልሃል፤ አንተ ማሰር ብቻ ነው» ብሎ መኪናዋን ግቢያችን አስገብቶ ሄደ። ምን ዓይነት እንደሆነ አልተናገረም፤ ባሌም እንደሚያውቀው ሰው ሆኖ አልጠየቀም። ሌላውን ሁሉ ሲጠይቅ የሚውል ሰው!

ካርቶኑ ሐሙስ ረፋድ ላይ መጣ። ባሌ እንደ ልማዱ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ወገቡን አጥብቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ብድግ ሲያደርገው ካርቶኑ ተወርውሮ አገጩን መታው። መነጽሩ ወደቀ። እኔ ደንግጬ ተነሳሁ።

«ባዶ ነው» አለ አገጩን እያሻሸ።

«እንዴት ባዶ?»

«አሲድ አልጠጣም። ደረቁን ልከውታል።»

ይኼ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ ባትሪ አንዳንዴ አሲድ ሳይሞላ ደረቁን ይመጣል፤ አጠጥተን፣ ቻርጅ አድርገን የምንሸጠው እኛ ነን። ስለዚህ ባሌ ቀለለኝ ሲል አልገረመኝም። እሱ ጓንቱን አጥልቆ የአሲዱን ጄሪካን አወጣ፤ እኔ ካርቶኑ ለዕቃ ማስቀመጫ ይሆነኛል ብዬ ወሰድኩት። ትንሽ ቆይቶ «ክዳኑ የት ነው?» ሲል ሰማሁት። ባትሪ የሚጠጣበት ስድስት ክዳን አለው፤ ይኼ ግን አናቱ ልሙጥ ነው። አገላበጠው። ኳኳው። «ይገርማል፤ ክዳኑን ሳይሠሩለት ነው የላኩት!» አለ። ፋብሪካው ተሳሳተ እንጂ እኔ ተሳሳትኩ የሚል ሐሳብ ባጠገቡም አላለፈ። ቀጥሎ የሰማሁት የመሰርሰሪያውን ድምፅ ነው።

በዚያው ቅጽበት ካርቶኑን ላጣጥፍ ሳገላብጠው ጎኑ ላይ የታተመውን ሥዕል አየሁ። ጠብታ ተስሏል፣ በላዩ ላይ ቀይ ኤክስ። መዶሻና ሚስማር ተስሏል፣ ቀይ ኤክስ። ከሥሩ እሳት ተስሏል። እሳቱ ላይ ኤክስ የለም!

«አንተ ሰውዬ! ተው! ተው ብያለሁ!» ሰፈሩ ሳይሰማኝ አልቀረም። በያጁ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አደረገ።

ባሌ አቆመ። መሰርሰሪያው የገባው የሚስማር አናት ያህል ብቻ ነበር። በቀዳዳዋ አጮልቆ ሲያይ የእርሳስ ሳህን የለም፤ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ የመሰለ አረንጓዴ ካርድና ቀጫጭን ሽቦ ነው ያለው። ሊትየም ነበር። እንደ ስልክ ባትሪ። አሲድ የማያውቀው፣ በተፈጥሮው ቀላል የሆነ፣ ሆዱን ከነካኸው የሚቀጣጠል። ባሌ ሲገባው ክው አለ። በሁለት እጁ ተሸክሞ ግቢው መሃል አሸዋ የሞላ በርሜል ላይ አስቀመጠውና ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ዐይኑን ሳይነቅል ጠበቀው። ምንም አልሆነም።

ሙልጭ አድርጌ ልሰድበው ተነስቼ ነበር። ሳየው ግን ትከሻው ወርዷል፤ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። «ሠላሳ ዓመት ባትሪ ያነሳሁ ሰው» አለኝ፣ «ደህናውን ባትሪ አሲድ ላጠጣው ልበሳው?» ሻይ አፍልቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደግነቱ ባሌ ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው አይደለም። ሻዩን ሳይጨርስ ስልኩን አንስቶ «ጋሼ፣ ባትሪህን በስቼዋለሁ» አለው። በዚያኛው ጫፍ ወንድሜ ኩም ሲል እኔ ድረስ ይሰማል። ባሌም ዋጋውን እኔው እተካልሃለሁ አለው፤ የተበሳውን ደግሞ ውስጡን በባለሙያ አስወጥቶ ቅርፊቱን መደርደሪያው ላይ ሰቀለው። ዛሬም ለሚጠይቀው ሁሉ «ይኼንን የበሳሁት እኔ ነኝ» እያለ ያስረዳል። እኔ ብሆን እቀብረው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሰውዬዬ ሌላ ሰው ሆነ። ሁለት ቀን ሱቁን ለኔ ጥሎ ባትሪውን ያስመጡት ሰዎች ዘንድ እየተመላለሰ እንደ ተማሪ ደብተር ይዞ ጠየቀ። ስንት ነው የሚሞላው፣ ሙቀት ሲበዛበት ምን ይሆናል፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከልክ በላይ ቢልክበት ምን ያደርጋል። ተመልሶ መጣና «ሊትየሙ ጥሩ ነው» አለኝ። ይኼንን ለማለት ምን ያህል እንደከበደው እኔ ነኝ የማውቀው። «ለእሽቅድምድም ጥሩ ነው። ልክ ልኩን የሚልክ ዲናሞ ላለው ጥሩ ነው። የጋሼ ዲናሞ ግን አሮጌ ነው፤ አንዴ ያስርበዋል፣ አንዴ ከልክ በላይ ያጎርሰዋል። ሊትየም ይኼንን አይችልም፤ ይዘጋና መንገድ ላይ ያቆማታል።»

መንገድ ላይ መቆም ደግሞ መሸጥ ማለት ነው።

«እንግዲያው የተለመደውን ውሃ የሚሞላውን እሰርለትና እንገላገል» አልኩት።

እሱም ከመደርደሪያው አውርዶ ይዞ ወጣ። እኔ ተከተልኩት። ከቀኝ ወንበር ኋላ ምንጣፉን ገለጥ ሲያደርግ የባትሪው ቦታ እዚያ ሆኖ አገኘሁት። ኮፋኖ ሥር መስሎኝ ነበር።

«ይኼ እትዬ የምትቀመጥበት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«አሲዱ ከጀርባዋ ሊሆን ነው? ቢፈስስ? ሲሞቅ የሚተነፍሰውን ማን ነው የሚምገው? የሴትዮዋን ነጭ ልብስ እንደ ሱሪህ ወንፊት ልታደርገው ነው?»

ባሌ ባትሪውን እንደያዘ ቆመ። ሱሪውን ዝቅ ብሎ አየ። ሃያ ስምንት ዓመት ስጮህበት ያላየውን ሱሪ! ባትሪውን መልሶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

የቀረው ሦስተኛው ዓይነት ነበር፤ ድፍኑ። አሲዱ እንደ ስፖንጅ በሚመጥ ነገር ተይዞ የታሸገ ነው፤ ቢገለበጥም አይፈስም፣ የሚተነፍሰውም በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰነፍ ዲናሞን ከሊትየሙ ይልቅ ይታገሣል። ክብደቱ ግን ክብደት ነው፤ የሊትየሙን አራት እጥፍ። ለወንድም ጋሼ በስልክ ሲነግረው «ጎረምሶቹ ይስቁብኛል» አለ። ባሌም «ቆይ» አለው። የባትሪው ማቀፊያ በሁለት ጣት ስለጠበበ በያጁ ቆርጦ አዲስ ሠራለት። ቀበቶ ተበጀለት። እኔ ከዚህ በኋላ ምን ቀረ ብዬ ነበር። ባሌ ግን የበፊቶቹ ባትሪዎች ምን እንደገደላቸው ሳያውቅ አዲሱን አላስርም አለ። መኪናዋ ቆማ ሳለ የሆነ ነገር ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ መለኪያው ቴስተር ይናገራል። የሚጠጣው ግን አልተገኘም። አንድ ቀን ሙሉ ፊውዝ ሲነቅል ሲተክል ዋለ። በመጨረሻ ተጠያቂዋ ከኋላ ያለችው የዕቃ መጫኛ መብራት ሳትሆን አትቀርም አለ፤ ክዳኑ ሲዘጋ መጥፋት ያለባት መብራት።

«ሲዘጋ መጥፋቷን በምን እናያለን?» አልኩ።

«እኔ ልግባና ዝጊብኝ።»

ባሌ ቀጭን ነው። ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ተጠቀለለና ገባ። ዘጋሁበት። ከውስጥ «በርቷል! በርቷል!» የሚል የታፈነ የደስታ ጩኸት ሰማሁ። እየሳቅኩ ልከፍት እጄን ስሰድ የግቢው በር ተከፈተና እትዬ ገባች።

ከሥራ ነው የመጣችው። ሰላምታ እንኳ በወጉ አልሰጠችኝም። «ሰውዬሽ የለም?» አለች። አለ ልላት አፌን ስከፍት እጄን ይዛ መኪናዋን ተደገፈች። እትዬ ነገር ተደግፋ ስትቆም አይቼ አላውቅም። ባሌን እዚያው ረሳሁት።

«አንድ ነገር ልለምንሽ። የሚሞት ባትሪ ይሰርለት» አለችኝ።

«ምን?»

«አሮጌ፣ ያለቀ። አንድ ቀን ትቁምና ትሸጥ።»

«እትዬ! ወንድሜ በዕድሜው አንድ ነገር ቢመኝ፣ አንቺን ከጎኑ ላስቀምጥ ቢል፣ እንዲህ ነው የምትመልሺለት? ሰው ሳቀብኝ ብለሽ?»

«የሰው ሳቅ ምን ይሆነኛል!» አለች። ዐይኗ ሞላ። «ያን ቀን ከአደባባዩ እስከ ነዳጅ ማደያው ገፋት። በመስታወቱ ነበር የማየው። መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ አመድ ሆነ። ስንደርስ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሠላሳ ዓመት የሰው መልክ ሲለወጥ እያየሁ ነው እንጀራዬን የበላሁት፤ አውቀዋለሁ። ልቡ ነው። ሐኪም ዘንድ በግድ ወሰድኩት፤ ከባድ ነገር እንዳትገፋ አሉት። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ። ነገ ብትቆም ደግሞ ወርዶ ይገፋል። ትገፋለህ ወይ ብዬ አልጠይቀውም፤ ይገፋል። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ከኋላዬ ሲሞት ልየው?»

ወንድሜ ነው። ትንሽ ሆኜ በትከሻው ተሸክሞኝ ጎርፍ ያሻገረኝ ወንድሜ ነው። ተቃቅፈን አለቀስን። በዚያ መሃል ከመኪናዋ ቂጥ ቷ ቷ ቷ የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ በድንጋጤ ከኔ ዘላ ወጣች።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ የታፈነው ድምፅ። «ክፈቱልኝ።»

ባሌ ፀጉሩ አቧራ ለብሶ፣ አንገቱ ተጣሞ ወጣ። ስለ መብራቷ አንዲት ቃል አልተናገረም። መነጽሩን እየጠረገ እትዬን አያት። «እትዬ፣ የሞተ ባትሪ አስነስቼ አውቃለሁ። እያወቅኩ የሚሞት ባትሪ ግን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ አልሰጥምም። ጋሼ መኪናዋ ተሸጠችም አልተሸጠችም የሚገፋ ነገር አያጣም፤ ሶፋም ይገፋል፣ የጎረቤት መኪናም ይገፋል። እኔ የምችለው ይቺ እንዳትቆም ማድረግ ነው። ብትቆም ደግሞ እንዳይገፋት ማድረግ ነው። ይኼኛውን ለኔ ተዪው።»

«እንዴት?» አለች።

«ቆይ» አላት።

አሠራሩን በሳምንቱ አየሁት። ባሌ መብራቷን ጠግኖ፣ ድፍኑን ባትሪ አስሮ፣ ቱቦውን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ መኪናዋን አራት ቀን ሳይነካ አቆማት። በአምስተኛው ቀን ቁልፉን ገና ሲያዞረው ሞተሩ ተነሳ። ከዚያ ለያንዳንዱ ባትሪ የምንሰጠውን የዋስትና ካርድ አወጣና በታተመው ሥር በእጁ ጨመረበት፤ ሲጽፍ ምላሱን ወጣ አድርጎ ነው፦ «ይህ ባትሪ የታሰረበት መኪና በሰው ኃይል ከተገፋ ዋስትናው ይሰረዛል። መኪናው ከቆመ ባለቤቱ ከወንበሩ ሳይነሳ ሻጩን ይጠራል። ሻጩ በማንኛውም ሰዓት ይመጣል።» ማኅተም አደረገበት።

«ይኼ ውሸት ነው እኮ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዋስትናውን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ እሰርዛለሁ ካልኩ እሰርዛለሁ» አለኝ። እውነትም ያደርገዋል።

ወንድም ጋሼን ያላወቀ በዚህ ይስቃል። ወንድሜ ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት በተጻፈ ደንብ የኖረ ሰው ነው። «ከሹፌሩ ጋር ማውራት ክልክል ነው» የሚል ስለተጻፈ እናታችንን አሳፍሮ አንድ መንገድ ሙሉ ያላናገራት ሰው ነው! ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ትንሽም ቢሆን? የመንገድ ጠርዝ ለማስያዝ ያህል?» ብሎ ጠየቀ። «ትንሽም ቢሆን» አለው ባሌ። ወንድም ጋሼ ካርዱን አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ደንብ ደንብ ነው» አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆነ። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራንም። እሁድ እሁድ ሁለቱ ጣሪያውን አጥፈው በሱቃችን በኩል ያልፋሉ፤ እትዬ ሻሿን በአንድ እጇ ይዛ፣ ወንድም ጋሼ እኛን ለማስደንገጥ ክላክስ እየነፋ። ጎረምሶቹ ስለ ባትሪው ክብደት ሲያላግጡበት «ከባድ ነው፤ ግን ከሚስቴ ወንበር ኋላ ነው ያለው» ይላቸዋል አሉ። ምን እንደሚገባቸው እኔ እንጃ። ባሌ ከያኔ ጀምሮ ሊትየምም ይሸጣል፤ ለሚሆነው ሰው፣ ከጥያቄ በኋላ። ወደ ሐኪሙ ወንድሜን የምንሸኘው አሁን ተራ በተራ ነው፤ ምስጢሩን እንደምናውቅ አውቋል፣ እኛም ማወቁን አውቀናል፣ ማንም ግን አላነሳውም።

ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ገና ከመክፈታችን ሰማያዊዋ መጥታ በራችን ላይ ቀጥ አለች። ባሌ ቴስተሩን ይዞ በሩጫ ወጣ። እኔም ተከተልኩ። ቀኝ ወንበሩ ባዶ ነው። መሪው ጋ የተቀመጠችው እትዬ ናት! ብቻዋን! ነጭ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ ጨብጣ፣ አገጯን ወደ ላይ ሰቅላ።

«ምን ሆነች?» አለ ባሌ።

«ምንም አልሆነችም። ምጥ የያዛት ሴት አለችብኝ፣ ታክሲ አጣሁ፣ እሱ ገና ተኝቷል። ቁልፉን ወሰድኩ።» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «መንገዱን በሙሉ ስፈራ ነው የመጣሁት። አሁን እናንተ እያያችሁኝ አጥፍቼ ላስነሳት።»

አጠፋች። ጸጥ አለ። ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ተነሳ። ደግማ አጠፋች፣ ደግማ አስነሳች። ፊቷ ላይ የመጣውን ሳቅ ብታዩት! የሠላሳ ዓመት አዋላጅ ሳትሆን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር የምትመስለው።

ያኔ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ሮጬ አነሳሁ። ወንድም ጋሼ ነው። «መኪናዬን ሰርቀውኛል!» ይላል። «እኔ ነቅቼ ስወጣ ቦታው ባዶ ነው! ፖሊስ ልጥራ?»

«አትጥራ» አልኩት፣ «ሚስትህ ናት የሰረቀችህ። እዚህ በራችን ላይ ናት።»

ሊቆጣ ነው ብዬ ጆሮዬን ከስልኩ ራቅ አደረግኩ።

«ብቻዋን?» አለ።

«ብቻዋን።»

«ማን ገፋላት?»

«ማንም። በቁልፍ ነው ያስነሳቻት። ሁለት ጊዜ።»

ቀጥሎ የሰማሁት ወንድሜ አፍንጫውን ሲጠርግ ነው። «እንግዲያው ለኔ ባትነሳም ግድ የለኝም» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ፤ «እኔ ባልኖርም እሷን አትጥላትም ማለት ነው።»

እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ «አንተ ደግሞ! የት ልትሄድ ነው?» አልኩት፣ ተቆጣሁት፣ ስልኩን ዘጋሁበት። ውጭ ስወጣ እትዬ «ምን አለ?» አለችኝ። ልነግራት አልቻልኩም። «ቀስ ብለሽ ንጂ ብሏል» አልኳት።

«ይበል» አለች፤ ማርሽ አስገባችና የሱቃችንን መስታወት አንቀጥቅጣ ሄደች።